የቺያዎ ሸን ሳንቆች

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። በበሩ በኩል ነፋስ ይገባልና ወደ ውስጥ እለፉ። ዛሬ የማወጋችሁ ከወንዙ ማዶ ስለነበረው ስለ ቺያዎ ሸን ነው።

ቺያዎ ሸን ሳንቃ ላይ ምስል ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ያትማል፤ ክፉ ነገር እንዳይገባ ለአዲስ ዓመት በየበሩ የሚለጠፈው የበር ጠባቂ ሥዕል የእሱ እጅ ሥራ ነበር። ሚስቱ በሞት ቀድማዋለች። አንድ ልጁን ጓንግን የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶ በላው። ከዚያ ወዲህ ለምሳ ሲቀመጥ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ መንገደኛው «እንግዳ አለው» እንዲል። እንግዳ ግን አልነበረውም።

አንድ ማለዳ ሳንቆቹን በሙሉ ጋሪ ላይ ጭኖ ሲገፋ፣ ድልድዩ ላይ ከመንደሩ አስተማሪ ከሉ ዪን ጋር ተገናኘ።

«እንደምን አደሩ አባባ ቺያዎ? ይህን ሁሉ ሳንቃ ይዘው ወዴት ነው? ሊያገቡ ነው እንዴ፣ አልጋ ሊያሠሩ?»

«አዬ መምህርት! ለእኔ የቀረኝ አልጋ ሳይሆን የሬሳ ሣጥን ነው። አናጢው ዘንድ ላስልጋቸው ነው።»

«ምስሉስ?»

«ምስሉማ ይጠፋል። የቤታችን ሥርዓት ነው። ሙያው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል፤ ወራሽ ሲታጣ ሳንቃው ይላጋል። ባዕድ እጅ አይገባም።»

ሉ ዪን የጋሪውን እጀታ ያዝ አደረገች። «ሥዕል የሚወዱ ተማሪዎች አሉኝ። እነሱን ያስተምሩልኝ።»

«ሴቶቹንም?»

«እነሱ አይደሉ እንዴ በሥዕል የሚበልጡት!»

«ወይ ጉድ! ሴት ልጅ ሙያውን ይዛ ባሏ ቤት ትገባለች። ያኔ ለቺያዎ ቤት ምን ሊቀረው?»

«አሁንስ ምን ቀረው? ይቅር ይበሉኝና አባባ፣ ሬዲዮው ነው የቀረው።»

ነገሩ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ለካ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል! ጀርባውን ሰጥቷት ውሃውን ያይ ጀመር። እሷ ግን አልሄደችም።

«አባትዎን ማን አስተማራቸው?» አለች በለሆሳስ።

«አባታቸው ናቸዋ።»

«አያትዎንስ?»

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። በቤታቸው በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ሳህን የማሽላ አጥሚት ለአንድ ስም የለሽ ሰው መታሰቢያ ይቀመጣል።

«በረሃብ ዘመን ነው» አለ ኋላ። «አንድ መንገደኛ ደጃችን ላይ ወድቆ ተገኘ። አያቴ አጥሚት እያጠጡ አዳኑት። እሱም ለውለታቸው ምላሽ ምስል መቅረጹን አስተማራቸው። ስሙን እንኳ ሳይናገር ሄደ።»

«ዘመዳችሁ ነበር?»

«ኧረ ከየት መጥቶ!»

«እሱም ‹ለባዕድ አላስተምርም› ብሎ ቢሆን ኖሮስ?»

«በቃሽ፣ ገባኝ።» አለ ሽማግሌው። «ሥርዓቱ ሰበብ ብቻ ነው፣ ልጄ። እውነቱን ልንገርሽ? ጓንግ ይሠራበት በነበረው ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ማየት አልችልም።»

ሉ ዪን መከራከሯን ተወች። ኀዘን በክርክር አይረታም።

«ወንበሩን ማንም አይነካውም» አለች። «ልጆቹ የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

ቺያዎ ሸን የጋሪውን እጀታ ያዘ። ከዚያ «እስቲ ከኋላ ግፊልኝ» ብሎ ጋሪውን ወደ ቤቱ አዞረው።

በማግስቱ ልጆቹ በርጩማቸውን አንጠልጥለው መጡ። ሹ ሜይ የምትባለው ትንሿ ልጅ ቢላዋው አምልጧት የበር ጠባቂውን አፍንጫ ቆረጠችው። ልጆቹ ደነገጡ።

«አንቺ!» አለ ቺያዎ ሸን። «እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ሌባ ሲመጣ በምን ሊያሸት ነው?»

ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ጓንግ በዚያ ሳቅ አልተመለሰም፤ ማታ ማታም ሽማግሌው ብቻውን ነበር። ነገር ግን ሲነጋ የሚጠብቀው ሰው አገኘ። ልጆቹ እንጀራ የሚሆናቸው ሙያ ያዙ፤ ለአዲስ ዓመትም የመንደሩ በሮች በገዛ ልጆቻቸው ሥዕል ደመቁ። ሥርዓት ሰውን ለማኖር ሲሆን ያምራል፤ ሙያን ከባለቤቱ ጋር የሚቀብር ከሆነ ግን ቢሻሻል ይሻላል።

እናንተም ልጆቼ፣ እጃችሁ የሚያውቀው ነገር ካለ ለአንድ ሰው አሳዩት፤ ብቻውን የተቀመጠ ሽማግሌ ካያችሁም ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት። ይህችን ብቻ አትርሱብኝ።