ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ሰው

ካርቱም ውስጥ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት እያለከለኩ ሚኒባሱ ውስጥ ገቡና ከፊቴ ካለችው ደንበኛቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ የኮምፒውተሬ ቫይረስ ጠፋ?»

«ቫይረስ አይደለም፣ ልጄ። ሰው ነው ከሩቅ የገባበት። ምን እንደሚፈልግ ልወቅ ብዬ ሁለት ቀን ሳልዘጋው ተከታተልኩት።»

«ሌባ ነው?»

«ሌባ የይለፍ ቃል ነው የሚፈልገው። ይሄ በቀጥታ አገር ቤት የተደረገውን የተቃውሞ ሰልፍ ፎቶዎች ከፈተ። የሰልፈኞቹን ፊት እያጎላ ያያል።»

«እዚያ መንግሥት ተለውጦ የለም እንዴ?»

«የደኅንነት ሰዎቹስ የት ሄዱ? ቀጥሎ የወንድምሽን ስም ጽፎ ፈለገ።»

«ወላሂ? ምን አገኘ?»

«የስደተኛ መታወቂያ ማመልከቻውን።»

«እሱ ላይ እኮ የቤታችን አድራሻ አለ! ለምን ቶሎ አልዘጉትም?»

«እስኪከፍተው ድረስ የሚፈልገውን አላወቅሁም። ዛሬ ጠዋት ሲከፍተው ገመዱን ነቅዬ አንቺን ፍለጋ ወጣሁ።»

ልጅቷ ለወንድሟ ደወለች።

«ያላ፣ ከቤት ውጣ! ጫማህን ተወው፣ ውጣ ብቻ!»

«ምን አለሽ?»

«በር እየተንኳኳ ነው ይላል።»

«እንዳይከፍት! በጓሮ ይዝለል!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ቆየች።

«ዘለለ፣ ጋሼ። ጎረቤት ገብቷል። በሩን ግን እየሰበሩት ነው።»

አዛውንቱ ሹፌሩ እንዲያቆም ጣታቸውን አጮኹና ሁለቱም ወረዱ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፤ እሱም ውስጥ ሰው ገብቶ ይሆን ብዬ ካርቱም ሁለት ሰፈር እስክወርድ ድረስ አውጥቼ አላየሁትም።