ላስቲኩ ያልተነሳለት ቴሌቪዥን

ከትምህርት ቤት ስመለስ የመኖሪያ ሕንጻችን ደረጃ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን መንገድ ዘግቶ ጠበቀኝ። ከታች በኩል አንድ ወጣት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከላይ በኩል ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ወደ ታች ይመልሱታል። ማን እያወጣ፣ ማን እያወረደ እንደሆነ ለማወቅ ቆም ብዬ አየሁ። ባየሁ ቁጥር ይበልጥ ግራ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ልርዳችሁ እንዴ? ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩ።

«ወደ መጣበት!» አሉ ልብስ ሰፊው። እንደ ልማዳቸው ስፒሎች በከንፈራቸው ይዘው ስለነበር ቃሉ በጥርሳቸው መሃል ሾልኮ ነው የወጣው።

«ወደ ቤት ነው፣ መምህርት» አለ ወጣቱ ላቡን እየጠረገ። የልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ነው፤ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። «ኤች ዲ የሚባለው፣ ምስሉ የጠራ ቴሌቪዥን ነው። ለሙከራ ነው ያመጣሁላቸው። ካልወደዱት ሱቁ መልሶ ይቀበለኛል።»

«ካልወደድኩት ብሎ ነገር የለም፤ አልወደድኩትም!» አሉ አጎቱ።

እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሰው ሲከራከር ካየሁ መሃል ገብቼ የማስረዳት አመል አለብኝ፤ አመሌን ደግሞ እወደዋለሁ። ስለዚህ የተማሪዎቼን ደብተሮች በብብቴ ይዤ የካርቶኑን አንድ ጫፍ አነሳሁና «ቤት ገብተን በሥርዓት እንነጋገርበት» አልኩ። ልብስ ሰፊው እኔን አሸክመው ማየቱ ነውር ስለሆነባቸው ሳይወዱ በግድ አገዙን። ካርቶኑ በዚህ ሁኔታ ወደ ላይ ወጣ።

የልብስ ሰፊው ሳሎን የሥራ ቦታቸውም ነው። መስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና፣ ከጎኑ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ እጅጌ ያልተገጠመለት ኮት የለበሰ ራስ የሌለው የእንጨት ሰው አለ። ከፊት ለፊት መደርደሪያው ላይ ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ተቀምጧል።

ባልና ሚስቱ የራሳቸው የአሠራር ዘዴ ነበራቸው። ልብስ ሰፊው አንገታቸውን ስፌቱ ላይ ደፍተው ቴሌቪዥኑን በጆሯቸው ብቻ ይከታተላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጠው ቁልፍ እየተከሉ የሚታየውን ይነግሯቸዋል። «አሁን በሩን ከፈተችው»፣ «አሁን ሰውየው ኮቱን ለበሰ፣ ሊሄድ ነው መሰለኝ» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ደረጃው ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ግን የእትዬ ወንበር ላይ ተጣጥፎ የተከመረ የገበር ጨርቅ እንጂ ሰው የለበትም።

«እትዬስ?» አልኩ።

«ጓዳ ናት» አሉ ልብስ ሰፊው። «ቁልፏንም መርፌዋንም ይዛ ጓዳ ከገባች ከረመች። ተቀይማኛለች፣ የእኔ ልጅ። ምን እንዳጠፋሁ እንጃ! ብጠይቃት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኛለች።»

አነጋገራቸው አንጀቴን በላው። እኚህ ሽማግሌ ከሚስታቸው ወንበር ላይ ጨርቁን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ተዉት።

«እኔም ያመጣሁት ለዚሁ ነው» አለ ወጣቱ። «ምስሉ ሲጠራ አክስቴ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።»

«የተቀየመ ሰው በቴሌቪዥን ይታረቃል? ለእሱ ሽማግሌ ነበር የሚላከው!»

ወጣቱ ካርቶኑን ከፈተ። አሮጌውን አውርዶ አዲሱን ሰቀለ፤ ሪሲቨሩንም ቀየረ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያዩ ተነሱ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሪሲቨሩም ኤች ዲ መሆን አለበት፣ አጎቴ። አለበለዚያ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ዋጋ የለውም።»

«ሰማሽልኝ? አንዱን ስትገዢ ሌላውን ግዢ ይልሻል። ከዚያ ጣቢያውም ይቀየር ይባላል፤ ከዚያ እኔም ልቀየር ነው። የእኔ ልጅ፣ ዳኝነቱን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ለስፌት መኪናዬ ሞተር ልገዛ ያስቀመጥኳት ገንዘብ አለች። ይህን መርገጫ ስረግጥ የምውለው በእነዚህ ጉልበቶች ነው፤ ማታ አልታጠፍም ይሉኛል። ቴሌቪዥኑ ከተገዛ ሞተሩ ቀረ። እኔ ደግሞ ቴሌቪዥን እሰማለሁ እንጂ አላይም። ለጆሮ የጠራ ምስል ምን ይሠራለታል?»

እውነቱን ለመናገር ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ነው። ግን የተማርኩ ነኝና ከአዲሱ ነገር ጎን መቆም ያለብኝ መሰለኝ። «ጋሼ» አልኩ፣ «ጥራት እኮ እውቀት ነው። የደበዘዘ ካርታ ተማሪን ያሳስታል። ወንዙን መንገድ፣ መንገዱን ድንበር ያደርገዋል።»

«ካርታሽ ቢጠራ መንገዱ ያጥራል?»

«አያጥርም።»

«በቃ!» አሉ፣ እጃቸውን አራገፉ። እኔም በቃ የሚሉት ትክክል መሰለኝና ወደ ወጣቱ ዞርኩ። «በእርግጥ ርቀቱ ያው ነው» አልኩት። እሱም የከዳሁት ያህል አየኝ።

«መምህርት፣ እርስዎም? እሺ፤ አጎቴ ጨርቅ ሲገዙ ወደ ብርሃን አውጥተው ክሩ ምን ያህል እንደጠበቀ አያዩም? የላላውን አይመልሱም? ምስልም እንደዚያው ነው፤ ከነጥብ ነው የሚሠራው። አሮጌው ነጥቡ የላላ ነው፣ ይሄ የጠበቀ ነው።»

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን በምላሳቸው ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላ ጉንጭ አዛወሩ። «ጨርቅ ይለበሳል» አሉ በመጨረሻ። «የዜና አንባቢው ቆዳ ጥርት ብሎ ቢታየኝ እለብሰዋለሁ?»

አሁን ደግሞ ይሄም ልክ መሰለኝ። በአንድ ክርክር ውስጥ ስንት ጊዜ ጎን መቀየር እንደሚፈቀድ አላውቅም፤ እኔ ግን ቀያየርኩ። ራሴን ዞረኝ።

ወጣቱ «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ድራማ ነበር። ግን ሰዎቹ ወተት ውስጥ ገብተው የሚጫወቱ ይመስላሉ፤ ነጩም ጥቁሩም አመድ ሆኗል።

«ይሄ ነው የጠራው?» አሉ ልብስ ሰፊው በደስታ። «የእኔው አሮጌ ይሻላል!»

«ላስቲኩ ነው እኮ! ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈበት ስስ ላስቲክ ነው፤ ይነሳል።»

«እንዳትነካት! ላስቲኩ ከተነሳ ሱቁ መልሶ አይቀበልም ያልከው አንተ ነህ። እኔ ለልክ የሰፋሁትን ጊዜያዊ ክር ደንበኛው ለብሶ፣ ወዶ፣ እሺ ሳይል ነቅዬ አላውቅም። ሥራ እንደዚህ ነው።»

«ላስቲኩ ካልተነሳ ግን አይታይም።»

«ካልታየ አልገዛም።»

«ካልገዙ አይነሳም።»

«ካልተነሳ አይታይማ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር እየተናገሩ ተጣልተው ነበር። ክርክሩ እንዳይረበሽ ወጣቱ በሪሞቱ ድምፁን አጠፋውና ሦስታችንም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመርን። እኔ ስለ ሀገር እድገት አንድ ነገር ማለቴ ትዝ ይለኛል፤ ለምን እንዳልኩት ግን አላስታውስም።

በዚህ መሃል እትዬ ሻይ በትሪ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ለእኔ በጭንቅላታቸው ሰላምታ ሰጡኝ፤ ትሪውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ አዲሱን ቴሌቪዥን አዩና ቀረብ አሉት። ጥጉ ላይ ብድግ ያለውን ላስቲክ በጥፍራቸው ያዙት።

«አንቺ! ላስቲኩን እንዳትነኪ!» አሉ ልብስ ሰፊው ከኋላቸው።

«አክስቴ፣ ቆይ!» አለ ወጣቱ።

«እትዬ! እትዬ!» እኔም ጮህኩ።

እትዬ ዞር እንኳ አላሉም። ላስቲኩን ከጥግ እስከ ጥግ ሳብ አድርገው ላጡት፤ ትርርር ብሎ ተነሳ። ከዚያ እጃቸው ላይ እንደያዙት ቆመው ቀሩ።

ምስሉ ጠራ። አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ የኮቷ ክር ይቆጠራል። ቅንድቧ፣ የከንፈሯ ጠርዝ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሏል። ልብስ ሰፊው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ቀድመው የተናገሩት እትዬ ነበሩ። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ፣ በዚያ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማኝ በነበረው ድምፃቸው፦

«ቁልፉን እናትህ ጋ ትቼዋለሁ አለችው።»

ሦስታችንም ወደ ሪሞቱ ዞርን። ሪሞቱ ወጣቱ እጅ ላይ ነው፤ ድምፁ እንደጠፋ ነው። ሴትዮዋ ቁልፍ ትበል ቤት ትበል እኛ አንዲት ቃል አልሰማንም።

«እሱስ ምን አላት?» አሉ ልብስ ሰፊው፣ በዚያ ሁሉ ግራ መጋባት መሃል የድሮ ልማዳቸው አምልጧቸው። እትዬ ግን አልመለሱላቸውም። ወጣቱ ቀስ ብሎ ድምፁን ለቀቀው። የድራማው ሰውዬ «እናቴ ከተማ ውስጥ የለችም» አለ። እትዬም ወዲያው «እናቱ ከተማ ውስጥ የለችም እያለ ነው፤ ምን ታደርግ እንግዲህ!» አሉ።

እኔ ሄጄ የእትዬን ትከሻ ነካሁ። ደንግጠው ዞሩ፤ የሦስታችንን ፊት ተራ በተራ አዩ። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ላስቲክ አዩና የሆነ ነገር እንዳጠፉ ገባቸው።

«ጮሃችሁ ነበር?» አሉ።

«ጮኸናል፣ እትዬ» አልኩ ፊት ለፊታቸው ሆኜ።

እትዬ የተከመረውን ገበር አንስተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ከጀመረኝ ቆይቷል» አሉ። «መጀመሪያ የበሩ መጥሪያ ጠፋኝ። ቀጥሎ የሰው ቃል። ፊት ለፊት ያገኘሁትን ሰው ከንፈሩን እያየሁ የጎደለውን እሞላለሁ። በአሮጌው ላይ ግን ሰዎቹ አፍ የላቸውም ነበር። ያላየሁትን ምን ልንገረው? መጀመሪያ መጀመሪያ ዝም ላለማለት ከራሴ እየፈጠርኩ እነግረው ነበር።»

«ምን ፈጠርሽ?» አሉ ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«በሐኪም ቤቱ ድራማ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ስትገባ አየሁና ሰርግ ነው አልኩህ።»

«ዶክተሩ ነርሷን አላገባትም እንዴ?»

«እኔ ነኝ የዳርኳቸው። ለካ ነርሷ ሥራ መግባቷ ነው። አንተም ካላገባት ሞቼ እገኛለሁ ብለህ ከደንበኛህ ጋር ተጣላህ፤ ሰውየው ሱሪውን ሳያስጨርስ ወስዶ ሄደ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ጓዳ ገባሁ።»

ወጣቱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ፤ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። «ሚስቴ ተቀየመችኝ ብዬ ስንት ቀን እህል አልበላ አለኝ መሰላችሁ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ። ቀጥለው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ቴሌቪዥኑ ይቀራል። ሞተሩ ይቆየኝ፤ ጉልበቴ እስካሁን ችሎኛል።»

«ስለ ነጥቦቹ ያልኩት ገባዎት፣ አጎቴ?»

«ምንም አልገባኝም።»

እኔም ዳኛ ነኝና የመጨረሻውን ቃል መስጠት ነበረብኝ። የማሰላስለው ሁሉ ተዘበራርቆብኝ ስለነበር እንደመጣልኝ ተናገርኩ። ኤች ዲ ቴሌቪዥን ለሁሉም ቤት ያስፈልጋል ማለት ውሸት ነው አልኩ። እየሰፋ በጆሮው ብቻ ለሚከታተል ሰው አሮጌውም ዜናውን ይነግረዋል። ከንፈር አንብቦ ለሚኖር ሰው፣ ከሥር የምትጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ለሚከታተል፣ በምልክት የሚተረጉመውን ሰው ጣት ለሚያይ ግን ጥራቱ ጌጥ አይደለም፤ ጆሮ ነው። እንግዲያው መጠየቅ ያለበት ዋጋው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ማን ያያል፣ እንዴትስ ያያል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ሦስታችንም እትዬን ሳንጠይቅ ስንከራከር ዋልን። ቴሌቪዥኑ ሐኪም አይደለምና የጆሮ ምርመራው እንዳይዘገይ ብዬ ጨመርኩ። ወጣቱ በዚህ ሳምንት ይዟቸው ሊሄድ ቃል ገባ።

ንግግሬ ጥሩ ነበር መሰለኝ። ልብስ ሰፊው ግን ከግማሹ በኋላ አልሰሙኝም፤ ሚስታቸውን እያዩ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። ስፒሎቹ አሁንም አፋቸው ውስጥ ናቸው፤ አንገታቸውም በልማድ ወደ ጨርቁ ተደፍቷል።

እትዬ ጎንበስ ብለው ከሥር ሊያዩዋቸው ሞከሩና አቃታቸው። «ምን አልክ?»

«ለምን አልነገርሽኝም ነው የምልሽ!»

«ብነግርህስ መልስህን በምን እሰማዋለሁ? አንገትህ መሬት መሬት ያያል፤ አፍህ ስፒል ነው።»

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው እያወጡ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰኳቸው። የስፌት መኪናውን ወንበር አንስተው ወደ እትዬ አዞሩት። በሕይወቴ እኚህን ሰው ለስፌታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው አይቼ አላውቅም። አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ቀና አሉ።

«ተቀይመሽኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ የባላቸውን ከንፈር ትክ ብለው አዩ።

«ድገመው እስቲ» አሉ። የሰሙ ይመስለኛል፤ ግን ልብስ ሰፊው ደገሙት።