ከተጠቃሚዎች የተለዩ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሩ ስም፦ ናስረዲን አባፎጊ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፤ አሁን ማመልከቻ ጸሐፊና የኦሮምኛ ተርጓሚ
አድራሻ፦ ሚዛን አማን ከተማ፣ ጫካ በር ቀበሌ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን አሮን ተካ
ጉዳዩ፦ ዘይቱ ሻሚል የተባለች ተጠርጣሪ የእርዳታ ስንዴ ዘርፋለች ስለመባሉ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ በሐሰት መመስከር በሕግ እንደሚያስጠይቅ ተነግሮኝ፣ ያየሁትንና የማውቀውን እናገራለሁ። መርማሪው ሚያዝያ 6 ቀን ስለሆነው ብቻ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ነገሩ ሚያዝያ 6 ቀን ስላልተጀመረ ከጥር ወር እንዲጻፍልኝ ለምኜ ተፈቅዶልኛል።

የምሠራው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ከጅማ በኩል የሚመጣ የኦሮምኛ ደብዳቤም ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። "ትክክለኛ ትርጉም" የሚል ማኅተም አለኝ፤ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ማኅተም ያለው ሌላ ሰው የለም። ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ከተማ አማርኛ አስተምሬያለሁ። ናስረዲን አባፎጊ ተብሎ አማርኛ አስተማሪ መሆን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ክፍል ስገባ የሳቁ ነበሩ፤ ከአስተማሪዎቹም አንድ ቀን ይሳሳታል ብለው ጥቁር ሰሌዳዬን በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። አላገኙብኝም። ዛሬ በየቢሮው ወንበር ይዘው ከተቀመጡት ብዙዎቹ "በ" እና "ከ"ን በየቦታቸው ማስገባት የቻሉት እኔ ጆሯቸውን ቆንጥጬ ነው። የእርዳታ ምዝገባና እደላ ኃላፊዋ፣ ማለትም የአሁኗ ከሳሽ ወ/ሮ ማናልሞሽ ይሄይስም ተማሪዬ ነበረች።

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ዘይቱ ሻሚል ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ከዚያ በፊት አላውቃትም። አማርኛዋ ለገበያ ያህል ስለሆነ ያወራነው በኦሮምኛ ነው። ልጇ ሁስና እዚህ ሚዛን ከወለደች ወዲህ ከአልጋ ስላልተነሳች ከጅማ ዞን ገጠር በአውቶቡስ እንደመጣች ነገረችኝ። የሁስና ባል ቴፒ ቡና እርሻ ልሥራ ብሎ እንደሄደ ድምፁ ጠፍቷል። ሦስት ልጆች አሉ፤ ትንሿ ያን ጊዜ የአራት ወር ልጅ ነበረች። ዘይቱ በአገሯ የምግብ እርዳታ ካርድ ነበራት። ወደ ሌላ ክልል ስትዛወር እርዳታዋ እንዳይቋረጥ የቀበሌዋ ሰዎች ካርዷን ተቀብለው መሸኛ ጽፈውላታል። መሸኛው ኦሮምኛ ነበርና እዚህ ቢሮ ያሉት አስተርጉመሽ አምጪ ብለው ወደ እኔ ላኳት።

መሸኛው አጭር ነው። "አዳ ባፈማኒሩ" ይላል፤ በአማርኛ ተለይተዋል ማለት ነው። እኔም እንዲህ ብዬ መለስኩት፦ "ወ/ሮ ዘይቱ ሻሚል ከምግብ እርዳታ ተጠቃሚዎች የተለዩ መሆናቸውን እየገለጽን፣ በሄዱበት አካባቢ ተገቢው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን።" ማኅተሜን አሳረፍኩበት። ዘይቱ አልሐምዱሊላህ ብላ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። መርማሪው እዚህ ላይ ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ ብለው ጠይቀውኛል። እኔም በዚያን ቀን ችግሩ አልታየኝም።

የካቲት 12 ቀን እህል ሲታደል ዘይቱ ተሰልፋ ባዶ እጇን ተመለሰች። ስሟ ከመዝገብ አልገባም። የነገሯት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ተሰርዘሻል። እሷም የአገሯ ሰዎች ፊት ለፊቷ ስቀው ከኋላዋ የሰረዟት መስሏት አለቀሰች። ልጆቹ ከዚያ ወዲያ የኖሩት የቤንች ብሔረሰብ ጎረቤቶች በሚሰጧቸው ቅቅል ጎደሬ ነው።

የካቲት 25 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወረቀቱን ይዛ መጣችና ምን እንደሚል እንደገና አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩ። ያን ጊዜ አየሁት። "በተጠቃሚነት የተለዩ" ብዬ ቢሆን ኖሮ ተጣርተው ተመርጠዋል ማለት ነበር። "ከተጠቃሚዎች የተለዩ" ስል ግን ከእነሱ ወጥተዋል፣ ቀርተዋል ማለት ሆነ። ሰው ሲሞትም ከመካከላችን ተለየ ነው የምንለው። የአገሯ ሰዎች አልሰረዟትም። የሰረዝኳት እኔ ነኝ፤ በአንድ ፊደል።

ማረሙ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም፣ ወደ ማናልሞሽ ቢሮ ሃያ እርምጃ። ግን ማናልሞሽ ፊት ቀርቤ ተሳስቻለሁ ማለቱ ሞት መሰለኝ። ያንን የሠላሳ ዓመት ሳቅ ሰማሁት። ስለዚህ ዘይቱን ጥፋቱ የጅማዎቹ ነው፣ ሂጂና ሌላ መሸኛ አጽፈሽ ነይ አልኳት። ይህን ስላት ጾም መያዧን አውቃለሁ፤ እኔም ጾመኛ ነበርኩ። ምዝገባው የካቲት 28 ቀን እንደሚዘጋም አውቃለሁ፤ በአጥሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ለማይችል ሰው ሁሉ ሳነብለት የከረምኩት እኔ ነኝ። ለእሷ አላነበብኩላትም።

የጆሮ ጌጧን ሸጣ ሄደች። አገሯ ስትደርስ ደብዳቤያችን ትክክል ነው፣ አንዴ ሸኝተንሻል፣ እዚህ ስምሽ የለም አሏት። መጋቢት 1 ቀን ስትመለስ እዚህ ምዝገባው ተዘግቶ ጠበቃት። ከሁለት ያጣች ሆነች። እኔም የቅሬታ ማመልከቻ በነጻ ጻፍኩላት። አማርኛው ያማረ ነበር፤ አንድ ስህተት የለበትም፤ እውነትም የለበትም። መልሱ ቀጣዩ ምዝገባ ሐምሌ ነው የሚል ሆኖ መጣ። ያም ሆኖ በየሳምንቱ እየመጣች ታመሰግነኝ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን ሰኞ ስንዴ የሚታደለው በቀበሌው መጋዘን ነበር። እኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በሩ ዘንድ ቆሜያለሁ። ምን ልሠራ እንደሄድኩ ተጠይቄ፣ እንጃ ብያለሁ። ዘይቱ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ማናልሞሽ መዝገቡን ገልጣ ስምሽ የለም አለቻት። ዘይቱ አልጮኸችም፣ ማንንም አልሰደበችም፣ አልገፈተረችም። ሚዛኑ አጠገብ የነበረ የስንዴ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ተነሺ ሲሏት በኦሮምኛ እንዲህ አለች፦ "ካለሁ ስጡኝ። ከሌለሁ ማንን ነው ተነሺ የምትሉት?"

ማናልሞሽ ወደ እኔ ዞራ "ቲቸር፣ ምንድን ነው የምትለው?" ብላ ጠየቀችኝ። ተርጓሚ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ዝም አልኩ።

ሁለት ጥበቃዎች ክንዷን ይዘው ጎተቷት። ጆንያውን አልለቅም ስላለች ስፌቱ ተተረተረና ስንዴው መሬት ላይ ፈሰሰ። ዘይቱ ተንበርክካ በሻርፗ ጫፍ ማፈስ ጀመረች። የፈሰሰ እህል ሲረገጥ ማየት ስለማትችል ነው እንጂ ይዛ ልትሮጥ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ወደ በሩ አልዞረችም። ከሰልፉ ሌባ ብሎ የጮኸ አለ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። ማናልሞሽ "ባልበላው ጭሬ ልበትነው ነው ነገሩ" ስትል ሰምቻለሁ። በሻርፑ የተገኘው ምን ያህል ነው ተብዬ ተጠይቄ፣ ከአንድ ጣሳ አይበልጥም፣ ግማሹም አፈር ነው ብዬ መልሻለሁ። ወስዳለች ወይ ለሚለው፣ አፍሳለች እንጂ አልወሰደችም እላለሁ። ልዩነቱን መርማሪው እንዲጽፉልኝ ሁለት ጊዜ አሳስቤያለሁ።

በማግስቱ ሚያዝያ 7 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ማናልሞሽ ቢሮ ሄጄ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት፤ ክሱንም እንድታነሳ ለመንኳት። አልሳቀችም። ሠላሳ ዓመት የፈራሁት ሳቅ ሳይመጣ ቀረ። "ቲቸር፣ ከ መለየትን ያሳያል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሌላ ብዬ ባነብ ኖሮ ዜሮ ይሰጡኝ ነበር" አለችኝ። እኔም የተሰረዘች ሴት ትብብር ይደረግላት ተብሎ ለምን ይጻፍላታል፣ ከመሸኛው ግርጌ ስልክ ቁጥር ነበር፣ ለምን አልደወልሽም ብላት፣ ደውይ የሚል መመሪያ የለም አለች። በደንብ አስተምሬያታለሁ። ክሱንም አላነሳችም፤ የጎደለው ስንዴ የሚጠየቀው በራሷ በማናልሞሽ ስም ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው፤ አይጡም እኔ ነኝ።

መርማሪው የምጨምረው ካለ ጠይቀውኛል። አለኝ። ዛሬ ጠዋት የተጠርጣሪዋ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ስላየሁ አነበብኩት፤ ማንበብ ልማዴ ነው። አድራሻ በሚለው ቦታ "ሚዛን አማን ከተማ፣ ጫካ በር ቀበሌ ነዋሪ" ተብሎ ተጽፏል። መሸኛ ማን ጠየቃት? ለስንዴ ነዋሪ መሆኗን ለማሳመን ሦስት ወር የተንከራተተች ሴት ለእስር በአንድ ጥያቄ ነዋሪ ሆናለች። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብለውኛል። ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ደግሞም በምስክርነት ሳይሆን በተጠርጣሪነት ቃሌ ይወሰድልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ። ፊደል የሳተ የሚከሰስበት አንቀጽ የለም ተብሎ ተመልሶልኛል። ወደዚህ ክፍል ስገባ ዘይቱን ኮሪደሩ ላይ አግኝቻታለሁ። እኔን ስታይ ብድግ ብላ "መምህር፣ አላህ ይክፈልዎ። በዚህ አገር ወረቀቴን በደንብ ያነበበልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለችኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አፈርኩ፤ ከዚያ የተሻለ ቃል የለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለዘይቱ ሻሚል በኦሮምኛ ይነበብላት። አንባቢው ግን ሌላ ሰው ይሁን።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ቃሌ ተነብቦልኝ፣ "በ" እና "ከ" በየቦታቸው መግባታቸውን በዓይኔ አይቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ናስረዲን አባፎጊ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን አሮን ተካ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ቃላቸው ለተጠርጣሪዋ እንዲነበብ ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል። በአካባቢው ማኅተም ያለው ሌላ የኦሮምኛ ተርጓሚ ስለሌለ፣ ምስክሩ ራሳቸው እንዲያነቡላት ለዛሬ ከረፋዱ 5 ሰዓት ታዘዋል። ተጠርጣሪዋም አንባቢው ማን እንደሆነ ሲነገራት ደስ ብሏት ተስማምታለች።