ከየቤቱ አንድ ሰው

አናጢውን ያገኘኋቸው ለቅስቀሳ ስወጣ አልነበረም፤ ሰፍቼ የጨረስኩትን ቀሚስ ለደንበኛዬ ላደርስ ስሻገር ነው። ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ላይ ያለውን ነገር ድልድይ የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ፣ የተጋደሙ ጣውላዎች ናቸው። እሳቸው በየዓመቱ በነፃ ይጠግኑታል። ያን ቀንም ተንበርክከው፣ ሦስት ምስማር በከንፈራቸው ይዘው፣ የበሰበሰውን እየነቀሉ አዲስ ይመታሉ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልለፍ?»

ምስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «መብረር የምትችዪ ከሆነ እለፊ። ካልሆነ ሦስት ጣውላ ይቀረኛል፣ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከቀሚሱ ሌላ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀትም ነበር። ምክር ቤት የላክነው ሰው ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ስለሄደ፣ እሁድ በማሟያ ምርጫ ምትኩን ልንመርጥ ነው። የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ። እኔ ለአዋላጇ ቤት ለቤት እየዞርኩ እቀሰቅሳለሁ። ምጥ የያዛትን ሴት በዚህ ጣውላ ላይ ማሻገር ምን ማለት እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ የሲሚንቶ ድልድይ እንዲሠራ እሟገታለሁ ብላለች።

«እሁድ ይወጣሉ አይደል ጋሼ?»

«እንዴታ! የእኛ ቤት ቀርቶ አያውቅም።»

«እትዬስ? አማትዎስ?»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። «እነሱ ምን ሊያደርጉ? ከየቤቱ አንድ ሰው ነው እኮ!»

እዚህ ላይ አናጢውን አላዋቂ እንዳትሉብኝ። በሰፈራችን ለስብሰባ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፣ ቦይ ለመጥረግም እንዲሁ። ምርጫ ሲመጣም ማንም ሳያዘን በዚያው ልማድ ቀጠልን። እኔ ራሴ ያለፈው ጊዜ ባለቤቴን ልኬ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲመለስ ብጠይቀው እኔ የማልፈልገውን ሰው መርጦ መጥቷል! ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ግን ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ገባኝ። አራተኛ ክፍልን እንኳ ሳልጨርስ ነው ትምህርት የተውኩት፤ ይህን ለመረዳት ግን አራት ቀን በዝቶብኛል።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ ከእርስዎ ቤት ሦስት ስም አለ። ሦስታችሁም ካርድ ወስዳችኋል።»

«አውቃለሁ። እንዳይጠፋባቸው ብዬ ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌላቸዋለሁ። ግን ሦስት ሰው ከአንድ ቤት ተግተልትሎ ሲወጣ ነውር አይደለም? የሌላውን ድርሻ መሻማት ነው።»

«የሚታደል ነገር መሰልዎት እንዴ? እርስዎ ስለተዉት ለሌላው አይደርስም፤ ባክኖ ይቀራል እንጂ።»

«እኔ የምመርጠው ለሦስታችንም ነዋ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የቤቱን ሰው ልብስ ሁሉ በእርስዎ ልኬት ልስፋ? አማትዎም የእርስዎን ሱሪ ይልበሱ?»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አንዱ ምስማር ወንዙ ውስጥ ገባ። «አማቴን በሱሪ! አንቺ ሴትዮ፣ ኃጢአት ውስጥ አታስገቢኝ።» ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቆይ፣ ባለቤቴ ሌላ ሰው ብትመርጥስ? የአናጢው ቤት ተከፈለ አይባልም?»

«ማን ያያል? መጋረጃ አለ፤ ወረቀቱም ይታጠፋል። እትዬ ካልነገሩዎት እርስዎም አያውቁም።»

«እኔም?» አሉ፤ ይህ ከሁሉ ከነከናቸው።

ቤታቸው ድልድዩ አፍ ላይ ነው። ባለቤታቸው ለካ በሩ ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖሯል፤ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ የሚጠጣ ውኃ ይዘው መጡ።

«ካርዴን ቆልፌዋለሁ ነው ያልከው?»

«እንዳይጠፋብሽ...»

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ምን ጠፍቶብኝ ያውቃል? ማንን እንደምፈልግስ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅኩም» አሉ አናጢው፤ ውሸት አያውቁም።

«ባለ ወፍጮው ወዳጅህ ነው፣ እሺ። እኔ ግን ከዚህ ጣውላ ላይ ከወደቅኩ ወዲህ ዓመት ሙሉ ማዶ ያለችውን እህቴን የምጠይቃት እዚህ ቆሜ በጩኸት ነው። ታማለች ሲባል እንኳ አልተሻገርኩም። እስከ መቼ ነው እንዲህ የምኖረው?»

አናጢው መዶሻውን አስቀመጡ። «ጣውላዬ መጥፎ ነው ማለት ነው?»

«ጣውላህማ ጥሩ ነው። ጉልበቴ ነው መጥፎ።»

አናጢው ተነሥተው ገቡና ሁለት ካርድ ይዘው ተመለሱ። «ያንቺ። ይሄ የእናትሽ። እኔ ግን የምመርጠው ወዳጄን ነው!»

«ምረጣ! ማን ያዘህ?»

እሁድ ጠዋት አማቲቱ በምርኩዛቸው እየመሩ ሦስቱም ከወንዙ ወዲህ ወዳለው ምርጫ ጣቢያ መጡ። ሰልፉ ላይ የነበረ ጫማ ሰፊ «እናንተ ቤት ሦስት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«እናንተስ ቤት መዝገቡ ላይ ስንት ናችሁ? ሂድ ሰዎችህን አምጣ!» ብለው ጮኹበት አናጢው። ጫማ ሰፊው ሄዶ ባለቤቱንና እህቶቹን ይዞ መጣ። እሱን ያየ ሌላው ሄደ። እኔ ሦስት ሳምንት በር ሳንኳኳ ያላመጣሁትን ሰው እሳቸው በአንድ ጩኸት አመጡት።

አማቲቱ መጋረጃው ውስጥ ገብተው ቆዩ። «ምነው ጠፉ?» አሉ አናጢው።

«እያሰብኩ ነው፤ ዝም በል!» አሉ ከውስጥ። ምርጫ ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ።

ያለፈው ጊዜ ከሰፈራችን የመረጠው ሰው መቶ አይሞላም ነበር፤ አሁን ከሦስት መቶ አለፈ። አዋላጇ በሃያ ስድስት ድምፅ አሸነፈች። ባለ ወፍጮውም እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም ብሎ መጥቶ ጨበጣት። የድልድዩ ሥራ ተፈቀደ፤ ለመሠረቱ ድንጋይ እየተራገፈ ነው። እትዬም ድንጋይ ሲራገፍ ወጥተው ካላዩ ምሳ አይበሉም። እናንተም ስማችሁ መዝገብ ላይ ካለ ራሳችሁ ሂዱ። ባል፣ ወንድም፣ ልጅ ደግ ቢሆን እንኳ በልባችሁ ያለውን አያውቅም።

አዋላጇ የመጀመሪያውን ስብሰባ ስትጠራ «ሁላችሁም ኑ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። ሰዉ ከነቤተሰቡ ቢመጣ አዳራሹ መቀመጫ አጣ። አናጢው እያጉረመረሙ፣ በጆሯቸው እርሳስ ሰክተው፣ አግዳሚ ወንበር መሥራት ጀመሩ። እስካሁን አሥራ አንድ ሠርተዋል፤ ዛሬም ቆሞ የሚሰማ ሰው አለ።