ሚካ አላላጥ
ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህራችን ብርጭቆ የመሰለች ስስ ድንጋይ አንስተው፣ «ይቺ ሚካ ናት። ልሙጥ ገጿ ላይ ዲኤንኤ አስቀምጠን በማይክሮስኮፕ እናያለን፤ መጀመሪያ ግን ሳትሰበር መላጥ አለባት» አሉን። ሦስት ተማሪዎች ሞክረው ሰባበሯት። እኔ ጠርዟን በመርፌ ጫፍ ከፍቼ እንደ ወረቀት ላጥኳት።

«የት ተማርሽው?» አሉኝ መምህሩ።

«ቡሬ ገበያ፣ አባቴ ካውያ ሲጠግኑ እያገዝኩ። ኤሌክትሪኩ ብረቱን እንዳይነካ ሚካ ያስገቡበታል» ብዬ ቀና ብዬ መለስኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ «እንግዲያው አላላጡን እሷ ታሳያችሁ» አሉና ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

ከክፍል እንደወጣሁ ለአባቴ ደውዬ ነገርኳቸው። ከዚያ አጠገባቸው ለቆመው ደንበኛ፣ «ልጄ የእኔን ሥራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አስተማረች» ሲሉ በስልኩ ሰማኋቸው።