ለሐራጅ የማይቀርበው ዕቃ

እኛ አገር ገበሬ ሲሞት ሁለት ጊዜ ይሸኛል፤ መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ በሐራጅ። በመጀመሪያው ሁሉም ያለቅሳል፣ በሁለተኛው ሁሉም ይገዛል። ይህን ስል ወገኖቼን ማማቴ አይደለም፤ እኔም ለሟቹ ገበሬ ለሃርላን አልቅሼ ሳበቃ በመጋቢት ጭቃ እየተንቦራጨቅሁ ግቢው የተገኘሁት መሰላሉን ለመግዛት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የወረዳውን ልጆች ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማስተማሩን ተውኩ እንጂ መናገሩን አልተውኩም።

መሰላሉን ሌላ ሰው ወሰደብኝ። ንዴቴን በአንድ ቁራጭ የቼሪ ፓይ ላብርድ ብዬ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ምግብ ወደሚሸጡበት ጠረጴዛ ስጠጋ አጫራቹን ኦርቪልን አገኘሁት። ጉሮሮውን ሊያርስ ቆሞ ከሚያጫርትበት ጋሪ ወርዶ ትኩስ ቡና ይዟል። ማጫረትን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው፤ “ተሸጠ!” ሲል ድምፁ ከፕላት ወንዝ ማዶ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበታል። አጠገቡ የከተማችን ፋርማሲ ባለቤት ሊቢ ኮቫሪክ ቆማለች። ተማሪዬ ነበረች፤ ያኔም ክርክር አትጠግብም ነበር። ሦስታችን በአጋጣሚ ተገናኝተን ንፋሱን ስናማርር የሟች ሚስት አርሊን አንድ የወረቀት ከረጢት ታቅፋ መጣች።

“ኦርቪል፣ ይሄን ቁም ሳጥን ውስጥ ረስቼው ነበር፤ የሃርላን መድኃኒት ነው” አለች። “ከምኑ ጋር ላድርገው? ከመዶሻዎቹ ጋር አብሮ ይሄዳል?”

“መድኃኒት በሐራጅ?” ኦርቪል በሳቅ ቡናውን ሊደፋው ምንም አልቀረው። “አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወህኒ ልታወርጂኝ ነው? ሽንት ቤት ድፊው፣ ውሃ ልቀቂበት፣ አለቀ!”

ሊቢ ከረጢቱን ከፈት አድርጋ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። “ጋሽ ኦርቪል፣ ይሄን ሽንት ቤት ከማስደፋት የሃርላንን ትራክተር ወንዝ ቢከቱት ይሻላል። የደም ካንሰር ክኒን እኮ ነው! ፋብሪካው እንዳሸገው ነው፤ አንዱም አልተነካም።”

“በፖስታ በመጣ ማግስት ነው ያረፈው” አለች አርሊን።

“ካረፈማ ክኒኑ ምን ፈየደለት?” ኦርቪል ይህን ብሎ ወዲያው ደነገጠ። “ይቅርታ አርሊን፤ ምላሴ የሐራጅ ምላስ ነው፣ ቀድሞኝ ይሮጣል።”

“የገደለው ልቡ ነው እንጂ ካንሰሩ አይደለም። ይሄ ክኒን ዓመታት ጨምሮልኛል። የልጅ ልጃችንን ሰርግ አይቷል፤ ጨፍሯልም፣ ያውም ሰው እያሳቀ!”

“እንግዲያው ለሌላ ሰው ዕድሜ ይጨምርለት” አለች ሊቢ። “ሕጉ ወጥቷል፤ ተፈቅዷል። ያልተነካ የታሸገ መድኃኒት ያለው ሰው ፋርማሲ አምጥቶ ይለግሳል። እኔ እመረምረዋለሁ። ከዚያ ሐኪም ያንኑ ክኒን በዚያው መጠን ላዘዘለት፣ መግዣ ላጣ በሽተኛ እሰጠዋለሁ።”

ኦርቪል ሕግ የሚል ቃል ሲሰማ ግብር ሰብሳቢ የመጣበት ይመስለዋል። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ እንዲያውም የሠፈራችንን ግማሽ ጥርጣሬ በአንድ አፍ የሚናገር ሰው ነውና ክርክሩን ሳላሳጥር ላቅርበው።

“ስሚ ልጄ” አለ ቡናውን አስቀምጦ፤ “ያንዱ መድኃኒት ላንዱ መርዝ ነው። ይሄን ለማወቅ ፋርማሲ መክፈት አያስፈልግም።”

“እውነትዎን ነው። ለዚህ እኮ ነው ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ላይ ክኒን መቀባበል የሌለባቸው። ባለፈው አጨዳ የጀርባ ሕመም ክኒንዎን ለወንድምዎ የሰጡት ማን ሆነው ነው? አዙሮ ከማጨጃው መኪና አልጣለውም?”

“እሱ… እሱ ሌላ ነው።”

“እሱ ነው የሚገድለው! ይሄኛው በሐኪም ትእዛዝ፣ በእኔ ዓይን ሥር ያልፋል።”

“አንዱ ተንኮለኛ የሆነ ነገር ጨምሮበት ቢሆንስ?”

“ማኅተሙ የተነካ እንደሆነ አልቀበልም። ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ እንደሆነም አልቀበልም። ሱስ የሚያስይዘውንማ አልነካውም። እኔን እኮ ያውቁኛል፤ እርስዎ አንድ ባልዲ ሲሸጡ ቀዳዳውን አይናገሩም፤ እኔ ግን ቀዳዳ ፍለጋ ነው ሥራዬ።”

የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ሳቁ። ኦርቪልም ሳቁን ደበቀ እንጂ ሳቀ።

“እሺ፣ አንድ ነገር ቢደርስስ? አንዱ ጠበቃ ይዞ አርሊንን ቢከሳትስ? በደግነቷ ቤቷን ልታጣ ነው?”

“በቅን ልቦና የሰጠ ሰው እንዳይከሰስ ሕጉ ራሱ ይጠብቀዋል። ያወጡት ሰዎች እርስዎ የሚሉትን ሁሉ አስቀድመው ብለውታል፤ ሳይጨቃጨቁ ያወጡት እንዳይመስልዎት።”

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሽንት ቤት የተደፋ መድኃኒት የትም አይጠፋም፤ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ከውሃው የሚጠጣው ደግሞ ሰውና ከብት ነው ብዬ በአስተማሪ ድምፄ ጣልቃ ገባሁ። ኦርቪል “ቲቸር፣ ደወሉ ተደውሏል፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ” ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ቀጥሎ የልቡን እውነት አወጣ። “ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ይቅር። የሞተ ሰው መድኃኒት አፍ ውስጥ መክተት አያስጠላም? እኔ ብሆን አልውጠውም፣ ይቀፈኛል።”

“ይሄ የለበሱት ካፖርት የማን ነበር?” አለች ሊቢ።

ኦርቪል ወደ ካፖርቱ ተመለከተ። የሟቹ የጎረቤታችን የክላረንስ እንደነበር ከእኛ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ራሱ አጫርቶ፣ ራሱ ነው የወሰደው። “ይሞቃል” አለ አንገትጌውን እየሳበ።

ሊቢ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ጋሽ ኦርቪል፣ ስሙን አልነግርዎትም፤ ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ግን ይሄንኑ ክኒን አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን የሚዘል ሰው አውቃለሁ። ኢንሹራንሱ ከፊሉን ብቻ ነው የሚሸፍንለት፤ ለእሱ የሚቀረው የወር ዋጋ የኮርማ ዋጋ ነው። በሽታው ግን አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን አያርፍም።”

ኦርቪል ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። “እኔም ስም አልጠራም፤ የኔም ሥራ አይፈቅድም” አለ። “ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰው መጥቶ ለሚያዝያ ሐራጅ ቀን አስያዘኝ። ሳይሞት፣ በቁሙ! ዘር ሊዘራ ሲገባው ትራክተሩን ሊሸጥ። ምን ነካህ ብለው ‘ደከመኝ’ አለኝ፣ ሌላ ነገር አልተናገረም።”

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ከመድፋታቸው በፊት ግን ዓይናቸው አንድ ቦታ ደርሶ ተመልሷል፤ ጎተራው ጥግ የታሰረ ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሥጋ የሚበላው የሠፈራችን ገበሬ ዱዌይን ሽራደር ጋ። ጃኬቱ ሰፍቶታል፤ ጃኬቱ ግን የድሮው ነው። እኔም አየሁ፣ አርሊንም አየች። ስም የጠራ አልነበረም።

“ሊቢ፣ አይሆንም” አለ ኦርቪል፤ አሁን ድምፁ ቁጣ አለው። “ያ ሰው ምጽዋት አይቀበልም። አባቱም አልተቀበለም፣ አያቱም አልተቀበለም። ይሄን ብትሰጪው ኮፍያውን ያደርግና ውልቅ ይላል። ለምኖ ከመዳን መሬቱን ሸጦ መሞት ይመርጣል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነኝ!”

ሕጉ ለማኅተም መልስ አለው፣ ለጠበቃ መልስ አለው፤ ለኩራት ግን አንቀጽ የለውም። ስንት ሰው በበሽታው ሳይሆን በዚህ ኩራት እንደቀበርን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመለሰችው አርሊን ናት። “ኦርቪል፣ አባትህ የአባቴን ላሞች በስንት ሸጣቸው?”

ኦርቪል ፊቱ ቀላ። “አሁን ይሄ ምን ያመጣዋል?”

“ንገረኛ! በዚያ በድርቁ ዘመን፣ ባንኩ የአባቴን እርሻ ለሐራጅ ባወጣው ጊዜ።”

“ባሥር ሳንቲም” አለ እያጉረመረመ።

“ማረሻውንስ?”

“ባምስት።”

“ጎረቤት ተሰብስቦ በሳንቲም ገዛውና እዚያው ግቢ ውስጥ ለአባቴ መለሰለት። ከሌላ ቦታ የመጣ ገዢ ዋጋ እንዳይጨምር ጎተራው በር ላይ ባለ ሸምቀቆ ገመድ ሰቅለው አሳዩት። አባትህ ጋሪው ላይ ቆሞ እንባው እየወረደ ‘ተሸጠ! ተሸጠ!’ ይል ነበር፤ እናቴ እስክትሞት ስታወራው ኖራለች። ታዲያ ያን ቀን አባቴ ምጽዋት ተቀበለ?”

“ማነው ምጽዋት ያለው?” ኦርቪል ጠረጴዛውን መታው፤ ፓዩ ዘለለ። “እሱ ጉርብትና ነው!”

“ይሄስ ምንድነው?” ብላ አርሊን ከረጢቱን ፊቱ አስቀመጠችው።

ኦርቪል ወደ ሊቢ ዞረ። “ይሄን መሸጥ ክልክል ነው አይደል?”

“ባንድ ሳንቲምም ቢሆን!”

“ከአባቴ ሐራጅም ይረክሳል በይኛ!” አለና ከረጢቱን ይዞ ጋሪው ላይ ወጣ።

“ጎበዝ! ወደዚህ!” ሲል ውሻው ሁሉ ጮኸ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። “በእጄ የያዝኩትን ልሸጥላችሁ አልችልም፣ ሕግ ነው! የካንሰር ክኒን ነው፤ ታሽጓል፣ አርሊን ሰጥታዋለች። ሐኪም ይሄንኑ ያዘዘለት ሰው ካለ ወደ እኔ አይምጣ፣ ወደ ሊቢ ይሂድ። ማን እንደወሰደው እኔም አልጠይቅም፣ እናንተም አትጠይቁም። የጠየቀ እንደሆነ ግን ከአባቴ ሐራጅ የቀረው ገመድ እስካሁን ጎተራዬ ውስጥ አለ!”

ወጣቶቹ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ የትኛው ገመድ እንደሆነ ያውቃሉና አንድ በአንድ ኮፍያቸውን አወለቁ። ዱዌይን ዳቦውን አስቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። ኦርቪል አንዴም ወደ እሱ አልተመለከተም።

እንግዲህ የእኛ ሰው ደግነቱ ሲነሳ ልክ የለውም። ሐራጁ ሳያልቅ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ደርሶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። አንዱ የላም መርፌ አመጣ። አንዷ ተጠጥቶ የተረፈ የሳል ሽሮፕ ይዛ መጣች። ሊቢ “ይሄ የላም ነው!” “ይሄ ተከፍቷል!” “የዚህ ጊዜው ሲያልፍ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ!” እያለች አብዛኛውን መለሰችው። ከዚያ ሁሉ የሚሆን ያገኘችው ትንሽ ነው፤ ያም ቢሆን የልጇን መድኃኒት ሐኪሙ የለወጠላት አንዲት እናት ያመጣችው ሁለት የታሸገ ሳጥን የሊቢን ዓይን በእንባ ሞላው።

ሰኞ ዕለት ዱዌይን ፋርማሲ ገባ። ይህን የማወራው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። “የማን ነው?” አላት። “ስም አይነገርም” አለችው። “የሃርላን መሆኑን አገር ያውቃል እኮ።” “አገር ካወቀው ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ይልቅ በየቀኑ ዋጥ!” ዋጋው ስንት ነው ሲላት ምንም አለችው፤ ሰውዬው ክኒኑን ኪሱ ከቶ “የሃርላንን ማረሻ በርካሽ ገዝቻለሁ፤ ይሄንንስ ለምን እተዋለሁ” ብሎ ወጣ።

የሃርላን ክኒን ሲያልቅስ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ሕጉ የግዛቱ ሁሉ ነውና ሊቢ ስልክ መታች፤ ከሌላ ወረዳ አንዲት መበለት እንደ አርሊን ያለ ከረጢት ይዛ ሌላ ፋርማሲ ገብታ ነበር። ዛሬ በሊቢ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የተለገሰ መድኃኒት የሌለበት ቀን ጥቂት ነው። ድሮ ከሟች ጋር አብሮ የሚወገደው ሕያዋንን ያክማል፤ ድሃው ከዳቦና ከክኒን አንዱን አይመርጥም፤ ሐዘንተኛውም ከሐዘኑ ውስጥ የሚሰጠው ነገር ያገኛል። ወገኖቼ ሆይ፣ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ! የታሸገ ካለ ወደ ፋርማሲ ይሂድ። ሕጉ ቢወጣም ቁም ሳጥን ከፍቶ አያወጣላችሁም።

የዱዌይን ሐራጅ ሊደረግ በነበረበት በሚያዝያው ቅዳሜ በማሳው በኩል ሳልፍ የኦርቪልን መኪና አጥሩ ሥር ቆሞ አየሁትና ወረድኩ። የሐራጅ ኮፍያውን አድርጎ፣ የክላረንስን ካፖርት ለብሶ አጥሩን ተደግፏል። ማዶ ዱዌይን ሊሸጠው በነበረው ትራክተር በቆሎ ይዘራል፤ አቧራው ተከትሎታል፤ ጃኬቱም መሙላት ጀምሯል።

“ምን ትሠራለህ እዚህ?” አልኩት።

“ሥራዬን” አለና ጉሮሮውን ጠራረገ። “አንደኛ ጊዜ!” ብሎ ጮኸ ወደ ማሳው። “ሁለተኛ ጊዜ!” ዱዌይን ትራክተሩን አቁሞ ዞረ። ኦርቪል ኮፍያውን አውልቆ ከፍ አደረገና ዕድሜውን በሙሉ በሐራጅ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል በዚያ ወንዝ በሚሻገር ድምፁ ለቀቀው።

“ሦስተኛ ጊዜ! አል — ተ — ሸ — ጠም!”