በሌለ ሠንጋ የተጠራ ሠርግ

በ1974 ዓ.ም. ጥር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በባሕር ዳር ከተማ ከእኔ የበለጠ የቸኮለ ሰው አልነበረም። በጋቢ የጠቀለልሁትን ዕቃ ተሸክሜ በሐይቁ ዳር መንገድ እወርዳለሁ። ክብደቱ ከአንድ ወይፈን አያንስም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወገቡ ይቆረጥ ነበር፣ እኔ ግን እያፏጨሁ ነበር። ዕቃው የባለቤቴ የየሺመቤት የስፌት መኪና ነው። እርሷ እንፍራንዝ ለለቅሶ ሄዳለች፤ ሰኞ ትመለሳለች። ገበያ ያለ አንድ ነጋዴ ደግሞ ሦስት መቶ ብር ሊሰጠኝ ተስማምቷል።

ለምን እንደምሸጠው ልንገራችሁ። እኔ አንዳርጋቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል የፈረቃ አለቃ ነኝ፤ አንድ ቀን ብቀር ግማሽ ኢትዮጵያ ያለ አቡጀዲ ይውላል። ደመወዜ መቶ አርባ አምስት ብር ነው። ይህን ቁጥር ግን ከገንዘብ ከፋዩ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ለሰፈሩ ሦስት መቶ ሃያ ነው ብያለሁ። ለየሺመቤት በወር መቶ ብር እሰጣታለሁ፤ የቀረችው በግብዣና በመዋጮ ታልቃለች። ደመወዝ ጭማሪ ከቆመ ስንት ዓመቱ፤ የእኔ ወሬ ግን በየዓመቱ እድገት ያገኛል። በቀበሌ ስብሰባ መዋጮ ሲጠየቅ ከሊቀ መንበሩ ቀድማ የምትነሣው እጅ የእኔ ናት።

ታናሽ ወንድሜ ክንዱ ሊያገባ ሽማግሌ በላክን ጊዜም፣ በልጅቱ አባት በአቶ አለበል ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ብድግ ብዬ፣ «ለሠርጉ ሠንጋውን የምጥለው እኔ ነኝ፤ ተራ ሠንጋም አይደለም፣ ቀንዱ በበር የማይገባ ነው» አልሁ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሠንጋ አራት መቶ ብር ነው። እኔ ዘንድ ያለው መቶ ብር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደቡ አጠገብ ስደርስ፣ ከደቅ ደሴት የመጣው ጀልባ ሰው ያራግፋል። ከሰዎቹ መካከል የየሺመቤት አጎት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አንድ ቅርጫት ሎሚ ይዘው ብቅ አሉ። እሳቸው በደሴቱ ላይ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከንስር ይልቃል። ልደበቅ ብል መደበቂያ የለም።

«አንዳርጋቸው፣ ደኅና ሰነበትህ? ምን ተሸክመህ ነው ጎብጠህ የምትሄድ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ የኔታ? ጎብጬ እንኳ አይደለም። ከፋብሪካ የተሸለምሁት ዕቃ ነው።»

ጠጋ ብለው የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ።

«ይህ የየሺመቤት መኪና ነው። የለበስሁትን ቀሚስ የሰፋችልኝ በዚሁ ነው። የሚስትህን ዕቃ ነው የሸለሙህ?»

መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እኔንም አስቀመጡኝ። መዋሸት ሞከርሁ፤ ግን ለመሪጌታ መዋሸት እኔን ለመሰለ አዋቂ እንኳ ቀላል አይደለም። ደመወዜንም፣ ሠንጋውንም፣ ነጋዴውንም አንድ በአንድ ተናዘዝሁ።

«ሠንጋውን ብትተወው ምን ትሆናለህ?» አሉ።

«እሞታለሁ የኔታ። ከጎንደር እስከ ደብረ ማርቆስ ስሜ ይጠፋል።»

«ከጎንደር እስከ ደብረ ማርቆስ ማን ያውቅሃል?»

መልሱን ለአክብሮት ስል ትቼ የጋቢውን ጫፍ መኪናው ላይ መለስሁ።

«በወር ስንት ታስቀምጣለህ?»

«ከዚህ ደመወዝ ምን ይተርፋል? እርስዎ ደሴት ላይ ሆነው የከተማን ኑሮ አያውቁትም። እዚህ ሰው የሚከበረው በሚያወጣው ልክ ነው። ሲጋብዙት የሚበላ፣ የማይጋብዝ ሰው ንፉግ ይባላል።»

መሪጌታ ከቅርጫቱ አንድ ሎሚ አንሥተው በመዳፋቸው ሲያገላብጡ ቆዩ።

«እኔ ተማሪ ሳለሁ ለማኝ ነበርሁ» አሉ። «በየደጁ እየዞርሁ ቁራሽ እለምናለሁ። ከለመንኋት ላይ በየቀኑ እፍኝ እየቀነስሁ በፀሐይ አደርቃታለሁ። ዝናብ ሲጥል፣ ሲያመኝ፣ ቅኔ ስቆጥር ውዬ መውጣት ሲያቅተኝ፣ ያችን ድርቆሽ በውኃ አርሼ እበላለሁ። ልብ በል እንግዲህ፤ ለማኙ ያስቀመጠው ነበረው፣ የፈረቃ አለቃው የለውም።»

ይህ ነገር ጎኔን ወጋኝ። ቢሆንም በክርክር በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም፤ ፋብሪካው ውስጥ ስንት ካድሬ አፉን አስይዣለሁ።

«እናንተ የቤተ ክህነት ሰዎች ገንዘብን ናቁ ብላችሁ ታስተምሩ የለም? እኔ ንቄ ስበትነው ደግሞ ትቆጡኛላችሁ።»

«አልናቅኸውም» አሉ በእርጋታ። «የናቀ ሰው መቶ አርባ አምስቱን ሦስት መቶ ሃያ ነው አይልም። አንተ ትፈራዋለህ። ማነሱ እንዳይታወቅብህ ስትሸሽ አሁን የሚስትህን እንጀራ ተሸክመህ ገበያ ትወርዳለህ። ገንዘብህን በልኩ ጥራው። መቶ አርባ አምስት ብር ብትለው የመቶ አርባ አምስት ብር ሥራ ይሠራልሃል። ሦስት መቶ ሃያ ስትለው የመቶውንም አይሠራም።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? ቃሌ ወጥቷል።»

«እስቲ ‹የለኝም› በል።»

«ለጊዜው እጄ ላይ…»

«እንዲያ አይደለም።»

«ገንዘቡ ባንክ ስለሆነ…»

«ባንኩን ተወው። አንዲት ቃል ናት።»

ብታምኑም ባታምኑም፣ በአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ያችን ቃል አፌ ተናግሯት አያውቅም። ምላሴ የአህያ ጭነት ያህል ከበደኝ። በመጨረሻ፣ «የለኝም» አልሁ። ከውኃው ጉማሬ አልወጣም። በታንኳ እንጨት ጭኖ የሚያልፈውም ሰው ዘወር ብሎ አላየኝም።

«እኔን በቀን ስንት ደጅ ‹የለንም› እያለ ይመልሰኝ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ያሉኝም አልተዋረዱ፣ እኔም አልሞትሁ። ተነሥ፣ አብረን እንሂድ።»

መኪናውን እንደ ተሸከምሁ ወደ ክንዱ ቤት ሄድን። ክንዱ አናጢ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሣንቃ ይልጋል። ቃሉ አፌ ላይ ሳለ እንዳይቀዘቅዝብኝ ሰላምታውን አሳጥሬ፣ «ክንዱ፣ ሠንጋ የለኝም። ያለኝ መቶ ብር ነው። ደመወዜም መቶ አርባ አምስት ነው» አልሁት።

መላጊያውን አስቀመጠና ሣንቃው ላይ ተቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«አያ፣ ይህን ባለፈው ወር ብትነግረኝ ምን ነበረ? ሠንጋ ከተጣለ ሁለት መቶ ሰው መጥራት ግድ ነው ብዬ፣ ለቀረው ድግስ ነገ ከአራጣ አበዳሪ ሦስት መቶ ብር ልቀበል ተቀጣጥሬያለሁ። ያንተን ሠንጋ እንዳላሳፍረው ብዬ።»

ሦስታችንም ወደ አቶ አለበል ሄድን። እዚያም ያንኑ ደገምሁ፤ በሁለተኛው ቃሉ እየቀለለኝ ሄደ። አቶ አለበል ወደ ጓሮው በር አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔማ የወንድ ወገን ሠንጋ ሲጥል በሁለት በግ ብቀርብ ልጄ ትዋረዳለች ብዬ፣ የምትታለበውን ላሜን ልሸጥ ዋጋ ተነጋግሬባታለሁ። ቤት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጾም ሊገቡ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ብለህ መርምረው። እኔ የሚስቴን መኪና፣ ወንድሜ የገዛ ላቡን፣ አማቹ የልጆቹን ወተት ልንሸጥ ተሰልፈናል፤ ሁላችንም ለአንድ በሬ፣ እሱም ላልተገዛ። የተጋነነ ደመወዝ ባለቤቱን ብቻ የሚጎዳ ይመስለዋል ሰው፤ ነገር ግን የሰማው ሁሉ በዚያው ልክ ይለካል፣ በዚያው ልክም ይበደራል። ሠርጉ በስድሳ ሰውና በእኔ መቶ ብር በተገዙ በጎች ተደገሰ። ደምቆ ዋለ፤ ዘፈኑ ቆጋ ወንዝ ድረስ ተሰምቷል። ላሟ አልተሸጠችም፣ ክንዱም ጎጆውን ያለ አራጣ ያዘ።

ከሠርጉ በፊት ግን የቀረችኝ ያችኛዋ ሰኞ ነበረች። የሺመቤት ከእንፍራንዝ እንደ ገባች፣ መሪጌታ ባሉበት የደመወዝ ወረቀቴን ከፊቷ አስቀመጥሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ይህ ብቻ ነው?»

«ይህ ብቻ ነው። መኪናሽንም ቅዳሜ ልሸጠው ተሸክሜው ወጥቼ ነበር።»

የመኪናውን ነገር ትታ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች።

«እንግዲያ ሴትዮዋ የለችም?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«በወር ሁለት መቶ ሃያ ብር የምትበላው። ጎረቤት ሁሉ ባልሽ ሦስት መቶ ሃያ ያገኛል ይለኛል፤ አንተ መቶ ታመጣልኛለህ። የቀረው ለማን ነው እያልሁ አራት ዓመት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ተነሥታ ከሣጥኑ ሥር የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች። «ጥለኸኝ ስትሄድ ለልጆቹ ብዬ ከስፌቱ ያጠራቀምሁት ነው» ብላ ከወረቀቱ አጠገብ አኖረችው። መቶ ዘጠና ብር ነበር። ቤታችን ምን እንዳለው ሁለታችንም ያወቅነው በዚያች ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ደመወዜን አብረን እንከፍታለን፤ ሃያ ብር በፋብሪካው የቁጠባ ማኅበር ይገባል፣ ለግብዣ የምትመደበው አምስት ብር ካለቀች አለቀች። ልጅ ሲታመም ከማንም ደጅ አልቆምንም። ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ግን የየሺመቤት እንቅልፍ ነው። አሁን ጎኗን እንዳሳረፈች ትተኛለች፤ ስታንኮራፋም ሐይቁን ተሻግሮ ጎርጎራ ድረስ ይሰማል።